ታክሮሊመስ፦ ቲ ሴልን ይገታል፣ አንቲቦዲን ግን ብቻውን አይችለውም

ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ዋናው ታክሮሊመስ ነው፤ ጣጣውም የዚያኑ ያህል ነው። ካልሲኒዩሪን የተባለውን ኢንዛይም ስለሚዘጋ ቲ ሴል (ባዕድ አካልን የሚያጠቃው ነጭ የደም ሴል) ኢንተርሉኪን 2 የተባለውን የመባዣ ምልክት አምርቶ መባዛት ያቅተዋል። ቲ ሴሎች ወደ ኩላሊቱ ቱቦዎች ሰርገው የሚያደርሱትን ጥቃት በደንብ ያበርዳል። በእርግዝና ወይም ደም በመውሰድ ቀድሞ የተፈጠረን አንቲቦዲ (ባዕድ አካል ላይ የሚጣበቅ የመከላከያ ፕሮቲን) ግን አያጠፋም፤ አንቲቦዲው የሚያጠቃው የኩላሊቱን የደም ሥሮች የውስጥ ግድግዳ ነው። ለዚህ ነው ከንቅለ ተከላው በፊት ክሮስማች ምርመራ (የተቀባዩ ደም የለጋሹን ሴሎች የሚያጠቃ አንቲቦዲ እንዳለው የሚያየው) የማይታለፈው።

የተለመደው እንክብል በየ12 ሰዓቱ ይዋጣል። መጠኑን ለመለካት ደም የሚሰጠው የጠዋቱ ሳይዋጥ ነው፤ ውጦ የመጣ ሰው ውጤቱ ከፍ ብሎ ይታይና መጠኑ ያላግባብ ይቀነስበታል። የቲቢው መድኃኒት ሪፋምፒሲን በደም ያለውን የታክሮሊመስ መጠን ክፉኛ ያወርደዋል፣ አንቲባዮቲኩ ክላሪትሮማይሲን ደግሞ ይሰቅለዋል። ሲበዛ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ስኒ ሲነሳ ቡናው ይፈሳል። ስኳርም ሊያመጣ ይችላል፤ ይባስ ብሎ የተተከለውን ኩላሊት ራሱን ይጎዳል።

ፋርማሲው የሌላ አምራች እንክብል ከሰጠ ለሐኪሙ ተነግሮ ደሙ እንደገና ይለካ። መድኃኒቱ ሲዘለል ቢ ሴል በቲ ሴል እየታገዘ አዲስ አንቲቦዲ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ሕመምም ትኩሳትም ሳይኖር፣ ጉዳቱ በደም ውስጥ ክሬያቲኒን (ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ሲጨምር ብቻ ይታወቃል።