አዝማች በሌለው ዘፈን የሚያስተምረው የደብረ ብርሃኑ ጊታር ቤት

ጠባሴ አካባቢ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ አንድ የሙዚቃ ማስተማሪያ ቤት አለ። ታፔላ የለውም። የሰፈሩ ልጆች "ጊታር ቤት" ነው የሚሉት። አንድ ዙር ተምሬ ስለጨረስኩ፣ ልመዝገብ ወይስ ልተው እያለ ለሚያመነታ ሰው ነው ይህን የምጽፈው። ዘፈን እንዴት እንደሚሠራ ከውስጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ሳያቅማማ ይሂድ። በአንድ ወር ጊታር ለምጄ ሠርግ ላይ እጫወታለሁ የሚል ግን ሌላ ቦታ ይፈልግ።

አሠራሩ ይለያል። ሌላ ቦታ የኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ወረቀት ይሰጥሃል፣ ጣትህ እስኪላጥ ትደጋግማለህ፣ በቃ። እዚህ አንድ ዙር ማለት አንድ ዘፈን ነው። ዓለም ያወቀው አንድ ዘፈን ይመረጥና ክሩ አንድ በአንድ ይፈታል፤ ማን ምን ተጫወተ፣ ከበሮው ለምን እዚህ ጋ ገባ፣ ድምፁ ለምን እንዲህ ቀረብ ብሎ ተቀዳ፣ ሁሉም ይታያል። ለእኛ ዙር የደረሰን አር ኢ ኤም የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ "ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን" ነው፤ ቃል በቃል "ሃይማኖቴን እያጣሁ" ማለት ነው።

የዘፈኑን ስም ሲሰሙ ፊታቸው የተቀየረ ልጆች ነበሩ። ይገባኛል። ግን ዘፈኑ ሃይማኖትን አይነካም። ሰው ወዶ መናገር ያቃተው፣ አበዛሁት ወይስ አሳነስኩት እያለ ራሱን የሚበላ ሰው ነው የሚዘፍነው። ይህ ከተነገረን በኋላ ክፍሉ ተረጋጋ።

መምህሩ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የመጀመሪያው ቀን ምንም መሣሪያ አላስነኩንም። ዘፈኑን ከፍተው "ስሙ" አሉ። ሲያልቅ አንዱ ልጅ "ጋሼ፣ አዝማቹ የቱ ነው?" አለ። "እስቲ ፈልገህ አምጣ" አሉት። ደግመው ከፈቱት። ልጁ አንዴ እዚህ ጋ ነው፣ አንዴ እዚያ ጋ ነው እያለ መጨረሻው ደረሰ። "የለውማ!" አሉት እየሳቁ።

እውነትም የለውም። እኛ ያደግነው በአዝማች ነው። ቤቱ ይባላል፣ አዝማቹ ይመለሳል፣ ተቀባይ ይቀበላል፤ ሰው ዘፈኑን ባያውቀው እንኳ አዝማቹ ላይ ይደርሳል። የአሜሪካ ሬዲዮም ቢሆን የሚፈልገው ያንኑ ነው። ይሄ ዘፈን ግን ቤት ከቤት እያስከተለ ይሄዳል፣ በአዝማቹ ፋንታ እየተመለሰ ጆሮ ላይ የሚቀረው ማንዶሊን የሚባለው ትንሽ ባለክር መሣሪያ ዜማ ነው። ጋሼ ዙሩን በሙሉ የገነቡት በዚህ ላይ ነው፤ ታዋቂ የመሆን ሕግ የሚባለውን ያላሟላ ዘፈን እንዴት ዓለምን አዳረሰ?

አሠራሩን ሲያስረዱ ጥሩ ተራኪ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ባንዱ በ1980 ጆርጂያ ግዛት፣ አቴንስ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ የተመሠረተ ነው። አራት ልጆች ናቸው፤ ማይክል ስታይፕ ድምፅ፣ ፒተር በክ ጊታር፣ ማይክ ሚልስ ቤዝ፣ ቢል ቤሪ ከበሮ። በ1989 ረጅም የኮንሰርት ጉዞ ጨርሰው ሲመለሱ በክ ኤሌክትሪክ ጊታር ሰልችቶት ነበር። ማንዶሊን ገዛ። ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን እያየ ይለማመዳል፣ ቴፕ ይቀዳል። በማግስቱ ቴፑን ሲሰማው አብዛኛው የጀማሪ መነካካት ነው፤ መሀሉ ላይ ግን ያቺ ዜማ ተቀምጣለች፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ መነካካቱ ይቀጥላል። ዓለም የሚያውቀው ዜማ መሣሪያውን ገና በመልመድ ላይ ካለ ሰው እጅ ነው የወጣው። ይህ ሲነገር ክፍል ውስጥ የነበረው ጀማሪ ሁሉ ቀና ሲል አይቻለሁ።

ማንዶሊን ለእኛም እንግዳ መሣሪያ አይደለም፣ ማንዶሊን ተጫዋቹን አየለ ማሞን የሰማ ሰው ያውቃል። አራት ጥንድ፣ በጠቅላላው ስምንት ክር አለው፣ ቅኝቱ የቫዮሊን ነው። ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ስለሆኑ አንዷን ድምፅ ስትመታ እንኳ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ ያ ነው የሚያሳዝነው ድምፅ። ቤቱ ውስጥ አንድ ማንዶሊን ብቻ አለ፣ በተራ ነው የምንይዘው። ስለ ተራው በኋላ እመለስበታለሁ።

ቀረጻው የተካሄደው በ1990፣ ኒውዮርክ ግዛት ዉድስቶክ አጠገብ ባለው ቤርስቪል ስቱዲዮ ነው፣ ፕሮዲውሰሩ ስኮት ሊት ከባንዱ ጋር ሆኖ። ማንዶሊን፣ ቤዝና ከበሮ ብቻቸውን ሲሆኑ መሀሉ ባዶ ሆነ። ቀጭኑ ድምፅ አለ፣ ወፍራሙ አለ፣ መካከለኛው የለም። ስለዚህ ፒተር ሆልሳፕል የሚባል ሙዚቀኛ በአኩስቲክ ጊታር ገብቶ ሞላው። ጋሼ ይህንን ያስረዱን በአፍ ብቻ አይደለም። እሳቸው ማንዶሊኑን ያዙ፣ ሌላው ልጅ በጊታር ወፍራም ክሮች ቤዙን ተጫወተ፣ ሌላው ጠረጴዛ መታ። ባዶውን ሰማነው። ከዚያ ለእኔ በጊታር ግባ አሉኝ። ኤ ማይነር፣ ኢ ማይነር፣ እንደገና ኤ ማይነር። ቤቱ ሞላ። ሌላ ቦታ ወር ሙሉ ኮርድ ስመታ ኮርድ ለምን እንደሚመታ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቤዙን በተመለከተ፣ ሚልስ ራሱ መነሻዬ የፍሊትዉድ ማክ ባንዱ ቤዝ ተጫዋች ጆን ማክቪ ነው ብሏል። ስታይፕ ደግሞ ድምፁን በአንድ ቅጂ ነው የጨረሰው። ደጋግሞ ያጸዳው ቢሆን ኖሮ ያ የተጨነቀ ሰው ስሜት ይጠፋ ነበር ብዬ አምናለሁ። በቫዮሊንና በመሰል ባለክር መሣሪያዎች ክፍል ደግሞ ማርክ ቢንግሃም ባቀናበረው መሠረት የአትላንታ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ተጫውተዋል። ብዙ ሰው ቫዮሊን መኖሩን ልብ አይለውም፣ ከኋላ ሆኖ ነው የሚሸከመው።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ክራር የገባበትን ቀን ነው። ከጫጫ የሚመላለስ አንድ ልጅ ክራሩን ይዞ መጣ። ጋሼ ከኤ ተነስተው በትዝታ ማይነር ቃኙለት፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ኤ ማይነርና ኤፍ ኮርድ ላይ ክራሩ እቤቱ የገባ ያህል ተመቸው፣ የሚያስፈልጉት ድምፆች ሁሉ እጁ ላይ አሉ። ዲ ማይነርና ጂ ሲመጡ ግን ችግር ተፈጠረ፤ ዲ እና ጂ የሚባሉ ድምፆች በዚያ ቅኝት ውስጥ የሉም። ልጁ ክሩን ሊያጠብቅ ሲል "ተው፣ አትንካው" አሉት። "እነዚህ ሁለቱ ላይ አንተ እረፍ፣ ጊታሩ ይሂድበት፣ ኤ ማይነር ሲመለስ ግባ።" ሞከርነው። ክራሩ ወጥቶ ሲመለስ ዘፈኑ የእኛ አገር ሰው የሠራው መሰለ። ስልኬ ላይ ቀድቼዋለሁ፣ ዛሬም እሰማዋለሁ።

ስኬቱን ለመጨረሻው ሳምንት ነው ያቆዩት። አሳታሚው ዋርነር ብራዘርስ ዘፈኑን የአልበሙ የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈን አድርጎ ለማውጣት አመንትቶ ነበር፤ አዝማች የለው፣ ፊት ለፊት የሚሰማው ማንዶሊን። በየካቲት 1991 ወጣ። ሰኔ ላይ ቢልቦርድ ሆት 100 በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። የባንዱ ትልቁ ውጤት ይኸው ነው። "አውት ኦፍ ታይም" የተባለው አልበማቸው አሜሪካም እንግሊዝም 1ኛ ሆነ፣ ያውም አንድም የኮንሰርት ጉዞ ሳያደርጉለት። ታርሴም ሲንግ የሠራው ቪዲዮ በዚያው ዓመት የኤም ቲቪ ሽልማት ላይ የዓመቱ ምርጥ ተባለ፣ በ1992 ዘፈኑ ሁለት ግራሚ አገኘ። እኛ ጋ ያኔ 1983 ዓ.ም ነው። ዘፈኑ እዚያ አራተኛ ሲሆን እዚህ ግንቦት 20 ካለፈ ገና ሳምንታት ቢሆነው ነው፣ የሰው ጆሮ ሬዲዮ ላይ የነበረው ለሌላ ጉዳይ ነው። ባንዱ በ2011 ተበትኗል። በ2024 አራቱም ለአንድ ምሽት ኒውዮርክ ላይ የዘፈን ደራሲያን የክብር መዝገብ ውስጥ ሲገቡ አብረው የተጫወቱት ይህንኑ ነው። ጋሼ ያንን ቪዲዮ ሲያሳዩን ክፍሉ ጭጭ አለ።

አሁን ቅሬታዬ። ክፍሉ ይቀዘቅዛል። የደብረ ብርሃንን ብርድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፣ ማታ ማታ ጣት ይደርቅና ክር መያዝ ያቅታል። ግድግዳው ላይ የመንዝ ባና ሰቅለዋል፣ እሱም ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው እንጂ ለሙቀት አይደለም (ለድምፁ በእውነት ሠርቷል፣ ጭብጨባ እንኳ አይመለስም)። ሁለተኛ፣ ማንዶሊኑ አንድ ሆኖ ተማሪው በዝቷል። ያቺን ዋና ዜማ ለመንካት ተራ ስትጠብቅ ሰዓቱ ያልቃል። ወይ ሁለተኛ ይገዛ፣ ወይ የተማሪው ቁጥር ይቀነስ። ሦስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ የማዳመጡ ትምህርት ይቆማል። በስልክ ስፒከር ቤዝ አይሰማም፣ ስለዚህ የዚያን ቀን ትምህርት ግማሹ ይባክናል። በባትሪ የሚሠራ ስፒከር እኮ ብርቅ አይደለም።

ክፍያው ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ነው፣ ይህም አልተመቸኝም። ያቋረጠ ሰው አይመለስለትም። መጠኑ ግን አዲስ አበባ ከሚጠየቀው በደንብ ያነሰ ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር ተመላልሶ ከመማር ጋርማ አይወዳደርም።

እኔ ለሚቀጥለውም ዙር ተመዝግቤያለሁ። ዘፈኑ ገና አልተመረጠም፤ ተማሪው ሐሳብ ያመጣል፣ ጋሼ ይወስናሉ። ምዝገባው በአካል ብቻ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ብትሄዱ ታገኟቸዋላችሁ። ጊታር ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ የቤቱ ጊታሮች ክራቸው አርጅቷል። ክራርም ሆነ ማሲንቆ ያለው ሰው ደግሞ አይፈር፣ ይዞ ይምጣ።