ጄሎ ብዬ ቀለም የተቀባ ስኳር ተሸክሜ ገባሁ

አሁን ከመርካቶ መመለሴ ነው፤ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ነገ ልጻፈው ብል ንዴቴ ይበርድና «ይቅር፣ እግዜር ይተካዋል» እላለሁ። ራሴን ስለማውቀው ነው አሁን የምጽፈው።

የኬክ እቃ የሚሸጡባቸውን ጠባብ ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ከጣሪያ እስከ መሬት ቅርጽ ማውጫና ስፕሪንክል፣ በሩ ላይ «ግቢ የኔ እህት፣ ባትገዢም እይው» የሚል ልጅ፣ ውስጥ ካልኩሌተሩን ታቅፎ የተቀመጠ ባለሱቅ። ስንት ዓመት ከእነሱ ስገዛ ኖሬያለሁ፤ እኔ አልሸወድም ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ።

ነገሩ የልጄ ነው። ኬጂ 2 ናት፣ ዛሬ ሰኞ ከለር ዴይ ነበራቸው። ሌላው ወላጅ ፊኛና ቲሸርት ሲያስብ እኔ ጄሎ ኩኪስ ካልሠራሁ አልኩ። ጄሎ ያ በፈላ ውሃ ተበጥብጦ ፍሪጅ ሲገባ የሚረጋው፣ ባለቀለም የጣፋጭ ዱቄት ነው። የምትጋግሩ ታውቁታላችሁ፤ የተለመደው የስኳር ኩኪስ ሊጥ ነው፦ የገበታ ቅቤና ስኳር ይመታል፣ እንቁላልና ቫኒላ ይገባል፣ ከዚያ ፉርኖ ዱቄት። ሊጡ አምስት ቦታ ይከፈልና እያንዳንዱ ላይ አንድ ዓይነት ጄሎ፣ ውሃ ሳይነካው ዱቄቱን እንዳለ። እንጆሪው ሮዝ ይሆናል፣ ሎሚው ቢጫ፣ ብርቱካኑ፣ ወይኑ፣ አረንጓዴው የላይም ጣዕምም እንደየቀለማቸው። ቀለሙም፣ መዓዛውም፣ ጎምዘዝ የምትለዋ ነገርም ከአንድ ፓኬት ነው የምትመጣው። (ቤኪንግ ፓውደሩን ከተጻፈው ትንሽ ቀንሱለት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ኩኪሱ ቶሎ ይነፋና ተመልሶ ይተኛል። ለነገሩ ይሄ አሁን ምን ያደርግልኛል!)

ጄሎን የሚያረጋው ጄላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው። ክፍላቸው ውስጥ ሙስሊም ልጆች ስላሉ «አታስቡ፣ ሐላል የሚለውን ነው የምገዛው» ብዬ የወላጆች ግሩፕ ላይ አስቀድሜ ጽፌያለሁ። ይህን ያዙልኝ።

ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ባለሱቁ የእንጆሪውን ካርቶን አወረደ። ሐላል ይላል፣ ጊዜው አላለፈም። የውስጡን ከረጢት ጥግ በመቀስ ቆረጥ አድርጎ «አሽትቺው እስቲ የኔ እህት» አለኝ። እንጆሪ ራሱ። ልጄም አሸተተችና ካርቶኑን እቅፍ አደረገችው። አንዱ 380፣ አምስቱ 1,900 ብር ተባባልን። «በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንቱ አለ» ብሎ ካልኩሌተሩን ወደ እኔ አዞረው፤ 2,185። «ተወው፣ ያለ ደረሰኝ ይሁን» ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ከዚያ ነው «ይሄ ተከፍቷል፣ ለአንቺ አዲስ ከስቶር ይምጣልሽ» ያለው። በር ላይ ያለውን ልጅ በአገጩ ጠቆም አደረገው፣ ልጁ ወጣ። ልጄ ግን ካርቶኑን አልሰጥም አለች። «እማዬ፣ እኔ ይሄን ነው የምፈልገው።» ሰው ፊት አፈርኩባትና ተቆጣኋት። «የተከፈተ ነው እኮ፣ አዲስ እየመጣልሽ ነው» ብዬ ትንንሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ፣ እውነተኛውን ጄሎ በገዛ እጄ ለሰውዬው መለስኩለት። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት ደግሞ! እሱ ፈገግ ብሎ ለልጄ ከረሜላ ሰጣት። የአምስት ዓመት ልጅ የገባት ነገር ለእኔ አልገባኝም።

ልጁ በጥቁር ፌስታል ቋጥሮ አመጣው። በቴሌብር ብሩን ልልክ ስል የመጣው ስም የሌላ ሰው ነበር፤ «የወንድሜ ነው፣ ላኪው» አለኝ፣ ላክሁ። ቋጠሮውን ሳልፈታ ታክሲ ያዝኩ።

እሁድ ማታ ካርቶኑን ስከፍት የውስጡ ከረጢት አንድም ጽሑፍ የለውም። ጫፉ በሻማ ተለብልቦ የተጣበቀ፣ እንደ ቆሎ ፌስታል። አምስቱንም አሸተትኩ፤ አምስቱም አንድ ዓይነት የማስቲካ ሽታ። ብልህ ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን ቅቤው ለስልሷል፣ መሽቷል፣ ምናልባት ሲጋገር ይስተካከላል ብዬ አቦካሁት።

ኦቨን ውስጥ ስኳሩ ቀልጦ ሁሉም እየፈሰሰ ተያያዘ። ሮዙ ቡናማ ሆነ፣ አረንጓዴው አመድ መሰለ። ቀመስኩት፤ ጣፋጭ ብቻ፣ ኋላ ላይ ምላስ ላይ የሚቀር መራራ ነገር አለው። ያኔ ነው አእምሮዬ የተመለሰው፤ የተረፈውን ዱቄት በፈላ ውሃ በጥብጬ ፍሪጅ ከተትኩት። እንኳን ሊረጋ፣ ትንሽ እንኳን አልወፈረም። ባለቀለም ውሃ። እናቴ ጣቶቼን አየችና «የስፌት ቀለም ነው እንዴ የነካሽው?» አለችኝ። ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ስድስት እንቁላልና ግማሽ ኪሎ ቅቤ ያለበትን ሊጥ አንስቼ ደፋሁት። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ለወላጆቹ «ኩኪሱ ቀርቷል፣ ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ። «ሐላል ነው» ባልኩበት አፌ ያን ለሰው ልጅ አብልቼ ቢሆን ኖሮስ? ከብሩ ይልቅ ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ጠዋት ልጄን ሁለት ሙዝ አስይዤ ቢጫ ነው ብዬ ላክኋትና በቀጥታ ወደ ሱቁ። ቅዳሜ «የኔ እህት» ነበርኩ፣ ዛሬ «ሴትዮ» ሆንኩ።

«ሴትዮ፣ ከእኛ ለመግዛትሽ ምን ማስረጃ አለሽ? ደረሰኝ አለሽ?»

የቴሌብሩን መልእክት አሳየሁት። ስሙን አነበበና «በዚህ ስም የሚጠራ ሰው እዚህ የለም» አለ። የወንድሙን ስም! ያ ፌስታሉን ያመጣልኝ ልጅ እዚያው ቆሞ ፊቱን አዙሮ ይስቃል። ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ያ የእንጆሪ ካርቶን አለ፣ ጥግዋ እንደተቆረጠች። በጣቴ ሳሳየው አንስቶ ከባንኮኒው ሥር አስገባው። ለሚቀጥለው ሰው መሆኑ ነው። ሌላ ደንበኛ ገባች፣ «ግቢ የኔ እህት» አላት፤ እኔን በክንዱ ገፋ አድርጎ አሳለፋት። «እህቴ፣ ያሸተትሽውን ከእጅሽ እንዳትለቂ» አልኳት። ሰማችኝም አልሰማችኝም፣ ወጣሁ።

እናንተም እንደዚያው። ያያችሁትንና የያዛችሁትን ይዛችሁ ውጡ፣ የተከፈተ ቢሆንም። ፌስታሉን እዚያው ፍቱት። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ እኔ 285 ብር አተርፋለሁ ብዬ የሆንኩትን አይታችኋል። ቤት ውስጥ የተጠራጠራችሁት ጄሎ ካለ አንድ ማንኪያ በትንሽ የፈላ ውሃ በጥብጣችሁ ፍሪጅ አሳድሩት፤ ካልረጋ ጄላቲን የለውም።

ጣቶቼን በሎሚም በበረኪናም አሽቻቸዋለሁ። እስካሁን ሮዝ ናቸው።