ቸርችል ጎዳና ላይ ያለች አንዲት የድሮ ገንዘብ ሱቅ

የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርት ነኝ። ስለ ምኒልክ ብር ሳስተምር ተማሪዎቼ በእጃቸው እንዲይዙት ስለምፈልግ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ የተደረደሩትን የስጦታ ዕቃ መደብሮች ስዞር ኖሬያለሁ። አብዛኞቹ ሳንቲሙን ከሀብልና ከመስቀል ጋር በአንድ ሳህን አደባልቀው ነው የሚያቀርቡት። ይህች ሱቅ የተለየች ናት። ሦስት ሰው ከገባ የምትሞላ ጠባብ ቤት ስትሆን፣ ባለቤቷ ስማቸው እንዳይጻፍ የጠየቁኝ ሽማግሌ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ሚዛናቸውን ነው። ጠገራ ብር፣ ማለት የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበትን ማርትሬዛ፣ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ፣ ሳይጠየቁ የወርቅ ቤት ሚዛን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ። ደህና ማርትሬዛ ከ28 ግራም እምብዛም አይርቅም። ቀጥለው ጠርዙን በጥፍር ያስዳስሳሉ፤ ዙሪያውን ጎላ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላት አሉበት። ከዚያ አጉሊ መነጽር ሰጥተው በእቴጌይቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ያሳያሉ፤ ዘጠኙ ዕንቁዎች አንድ በአንድ መቆጠር አለባቸው። የድሮ ነጋዴም ዕንቁው የፈዘዘበትን ብር አልቀበልም እያለ ይመልስ ነበር።

ሌላው ሱቅ «1780 ተብሎ ተጽፎበታል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» ብሎ ዋጋ ሲሰቅል እሰማለሁ። ይህ ገዢን ማሳሳት ነው። እቴጌይቱ በዚያው የፈረንጆች ዓመት ከሞቱ በኋላ ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ ቪየና ላይ ሲመታ ኖሯል፤ ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ ሮም ላይ መትቶታል፤ እንግሊዞችም ለንደንና ቦምቤይ ላይ መትተውታል። እኚህ ሰው ግን «መምህርት፣ መቼ እንደተመታ እኔ ምን አውቃለሁ? የምሸጥልዎት ብሩን ነው» ብለው በሐቅ ይነግሩኛል።

የምኒልክ ብርም አላቸው። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ መመታት የጀመረው ይህ ብር በአንድ ገጹ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ ይዟል፤ ዓመቱም በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው። ሕዝቡ ከለመደው ጠገራ አልላቀቅም ብሎ ብዙ ዘመን ቢያስቸግርም፣ ለእኔ ከዚህ ብር የሚያምር ገንዘብ አልተሠራልንም። የሚያሳዝነኝም እዚሁ ላይ ነው። ባለቤቱ የብር ሳንቲሞቻቸውን በሎሚና በአመድ አሽተው ያብረቀርቋቸዋል። ባለፈው ያሳዩኝ አላድ፣ ማለት ግማሽ ብር፣ የአንበሳው ጋማ ተፍቆ ለስላሳ ሆኖ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጥቁረት የሳንቲሙ ዕድሜ ምስክር ነው፤ አንዴ ከታሸ አይመለስም። ነግሬያቸዋለሁ፤ «ካላበራ ፈረንጅ አይገዛኝም» አሉኝ። ስለዚህ ያልታጠበውን ከመሳቢያ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ፤ አላቸው።

ገንዘቡ ጠበቅ ላለበት ሰው የምመክረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መዳብ ነው። የጣሊያን ሊሬ ሄዶ፣ እንግሊዞች ያመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግም ሊሸኝ ሲል፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ሳንቲሞቹ ላይ ያለው ዓመት ግን 1936 ነው፤ አምስትና አሥር ሳንቲሙም እስከ አብዮቱ ዋዜማ በዚያው ዓመት ምልክት ሲመታ ቆየ። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን የሚያነቃቸው ስሙኒው ነው። መጀመሪያ ክብ ሆኖ የወጣው ስሙኒ ከብር የተሠራውን ሃምሳ ሳንቲም በጣም ስለሚመስል፣ በ1944 ዓ.ም. ገደማ ከወጣ በኋላ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል በተቆረጠው ተተካ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ «ለምን ተቆረጠ?» ብዬ ስጠይቅ እጅ የማያወጣ ተማሪ የለም። አበባ ጠርዙ እዚህ ሱቅ ሞልቷል፣ ዋጋውም ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ክቡን ካገኛችሁ አትለፉት።

የወረቀት ገንዘቡን በተመለከተ ግን አልደሰትም። በ1937ቱ ባለ አንድ ብር ላይ ገበሬው በበሬዎቹ ያርሳል፣ ባለ አምስቱ ላይ ቀፎ የተሰቀለበት ግራር አለ፤ ከሥራቸው የመንግሥት ባንክ ገዥ የነበሩት የአሜሪካዊው የጆርጅ ብላወርስ ፊርማ ይነበባል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ባለቤቱ የተቀደደውን በፕላስተር ለጥፈው ያስቀምጡታል። ማጣበቂያው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን በልቶታል። ወረቀት የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ቦታ ሞክሩ።

ዋጋ ላይ ብዙ አይከራከሩም፤ የመጀመሪያው ጥሪያቸው ከመጨረሻው እምብዛም አይርቅም። ደረሰኝም ይሰጣሉ።

ከውጭ አገር ለምትመጡ ወገኖቼ አንድ ነገር ልበል። የጥንት ዕቃ ከአገር ለማውጣት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አየር ማረፊያ ላይ ከመጨነቅ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማንም ደላላ መንገድ ላይ ጠጋ ብሎ «የአክሱም ሳንቲም አለኝ» ቢላችሁ ግን አትግዙ። የኢዛና ሳንቲም ላይ ግማሽ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል መግባቱን ያወቅነው ሳንቲሞቹ ተጠብቀው ስለተጠኑ ነው፤ ከአፈር ተቆፍሮ በኪስ የሚሸጠው ከየት ቦታ፣ ከምን ጋር እንደተገኘ የሚናገርለት የለም። ለእኚህ ሽማግሌ ያለኝ አክብሮት የጨመረውም አንድ ወጣት በፌስታል ይዞ ሲመጣባቸው «ሙዚየም ውሰደው» ብለው ከደጅ ሲመልሱት ካየሁ በኋላ ነው።