የእንግሊዝ የ16–19 በርሰሪ፦ ከቀድሞው ሳምንታዊ ድጎማ ጋር ሲመዘን

በእንግሊዝ ዕድሜያቸው 16 ሞልቶ በትምህርታቸው ለሚቀጥሉ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ዛሬ የሚሰጠው ዋነኛ ድጋፍ የ16–19 በርሰሪ ፈንድ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ሥራ ሲጀምር የተካው ኢኤምኤ በሚል ምህጻር ይታወቅ የነበረውን ሳምንታዊ ድጎማ ነበር። ሁለቱን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ተማሪውና ወላጁ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል እንደሚደርሳቸው ማወቅ ይችላሉ ወይ? በዚህ ሚዛን አዲሱ አገልግሎት ከቀድሞው በጉልህ ያንሳል።

ኢኤምኤ ከ1999 ጀምሮ በተወሰኑ አካባቢዎች ተሞክሮ በ2004 በመላው እንግሊዝ ተግባራዊ ሆነ። ስሌቱ አስረጂ የሚያስፈልገው አልነበረም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ከ20,817 ፓውንድ ካልበለጠ ተማሪው በሳምንት 30 ፓውንድ፣ እስከ 25,521 ከሆነ 20፣ እስከ 30,810 ከሆነ ደግሞ 10 ፓውንድ ያገኝ ነበር። ገንዘቡ በቀጥታ የሚገባው በተማሪው በራሱ የባንክ ሒሳብ ሲሆን፣ ያለ በቂ ምክንያት ከክፍል የቀረ ተማሪ የዚያን ሳምንት ክፍያ ያጣል። መብቱም ግዴታውም በአንድ ገጽ ተጽፎ የሚያልቅ ነበር ማለት ይቻላል።

በ2010 መገባደጃ የወግ አጥባቂዎችና የሊበራል ዴሞክራቶች ጥምር መንግሥት ድጎማውን ለማቋረጥ ሲወስን ያቀረበው መከራከሪያ፣ ከተቀባዮቹ አብዛኞቹ ገንዘቡ ባይኖርም መማራቸውን አያቆሙም ነበር የሚል ነው። ለዚህ በማስረጃነት የተጠቀሰው ጥናት ድጎማው ባይኖር ኖሮ ትምህርቱን አልቀጥልም ያለው ተማሪ 12 በመቶ ብቻ መሆኑን ያሳየ ነበር። መከራከሪያው ባዶ አይደለም፤ የሕዝብ ገንዘብ ለማያስፈልገው ሰው እንዳይሄድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆኖም የመንግሥትን ገቢና ወጪ የሚያጠናው ገለልተኛ የፊስካል ጥናቶች ተቋም በወቅቱ እንዳመለከተው፣ በድጎማው ምክንያት ብቻ ትምህርት ላይ የቆዩት ጥቂቶች ወደፊት የሚያገኙት ተጨማሪ ደመወዝ የፕሮግራሙን ወጪ ሊያካክስ ይችል ነበር። በተጨማሪም «ለማንኛውም ይማር ነበር» የተባለው ልጅ የአውቶቡሱን ዋጋ ከየት እንዳመጣው፣ ቅዳሜና እሁድን በሥራ አሳልፎ ሰኞ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ በዚያ መቶኛ ውስጥ አይታይም። ለኢኤምኤ በዓመት ይወጣ የነበረው ወደ 560 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ ለምትኩ የተመደበው 180 ሚሊዮን ነበር።

በርሰሪው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ላሉ ወይም ከዚያ ለወጡ ወጣቶች፣ በራሳቸው ስም ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለውን የዝቅተኛ ገቢ ድጎማ ለሚቀበሉ እና ለተወሰኑ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ተለይቶ የተመደበ ነው። ያለ ወላጅ መጥተው በአካባቢ አስተዳደር ሞግዚትነት የሚኖሩ ጥገኝነት ጠያቂ ልጆችም እንደ እንክብካቤ ልጆች ስለሚቆጠሩ ይህን ክፍል ሊጠይቁ ይችላሉ፤ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህን የማያውቅ ወጣት እንዳይኖር እመኛለሁ። መጠኑ ቀድሞ በዓመት 1,200 ፓውንድ ተብሎ የተወሰነ ነበር፤ በኋላ ግን «እስከ 1,200» ተብሎ እንደ ተማሪው ፍላጎት የሚሰፈር ሆነ። በአዲሱ አሠራር እርግጠኛ የነበረው ብቸኛ ቁጥርም በዚህ ላላ።

ሁለተኛው ክፍል እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ በራሱ መመዘኛ የሚያከፋፍለው ነው፤ ቅሬታዬም በዋናነት እዚህ ላይ ነው። የገቢ ጣሪያውን፣ መጠኑንና የክፍያውን ጊዜ የሚወስነው ተቋሙ ስለሆነ፣ ገቢያቸው እኩል የሆኑ የሁለት ጎረቤታሞች ልጆች በተለያዩ ኮሌጆች በመማራቸው ብቻ የተለያየ ድጋፍ ሊያገኙ ይችላሉ። ድጋፉ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ በመጓጓዣ ካርድ፣ በምግብ ወይም በመጽሐፍ ሊሰጥም ይችላል። ለትምህርት መሣሪያ ይህ ምክንያታዊ ነው፤ ነገር ግን የ17 ዓመት ወጣት የራሱን ወጪ በራሱ እንዲያስተዳድር የሚሰጠውን ዕድል ይወስድበታል። አስተማሪዎቹ ለተማሪው ቅርብ የሆኑበት ተቋም ችግረኛውን ከማዕከላዊ ቢሮ በተሻለ እንደሚለይ አልክድም፤ ይህ የበርሰሪው እውነተኛ ብልጫ ነው። ብልጫው ግን የሚሠራው ተማሪው ቀርቦ ችግሩን ለመናገር ካላፈረ ነው።

ማመልከት የሚፈልግ ቤተሰብ የትምህርት ቤቱን መመዘኛ ገና ምዝገባ ላይ ሳለ በጽሑፍ ቢጠይቅ፣ የገቢ ማስረጃውንም አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ይሻላል፤ የተቋሙ በጀት የተወሰነ ነውና። በርሰሪ መቀበል ወላጆች የሚያገኙትን በገቢ ላይ የተመሠረተ ሌላ ድጎማ አይነካም።

ዌልስ፣ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ኢኤምኤን አላቋረጡም፤ ዌልስ እንዲያውም በ2023 ሳምንታዊውን ክፍያ ከ30 ወደ 40 ፓውንድ አሳድጋለች። በእንግሊዝ ግን ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ተማሪ ቅሬታውን በቅድሚያ የሚያቀርበው ለዚያው ውሳኔውን ለሰጠው ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ ነው፤ የሚዳኘውም ተቋሙ ራሱ ባወጣው መመዘኛ ነው።