የ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ፦ ዓመቱን ሙሉ የከፈልኩበት ቤት

ልጄ በ2017 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትናለች። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ፈተናው ዋዜማ ድረስ እዚሁ ጎንደር ከሚገኙት ቱቶርያል ቤቶች በአንዱ አስጠንቻታለሁ። ለስድስቱም ትምህርት በወር 900 ብር ነው የከፈልኩት። የቤቱን ስም አልጠራም። ባለቤቱ ሰላም የምንባባል ልጅ ነው፣ ሱሪም ሰፍቼለታለሁ። ግን ምዝገባ በጀመረ ቁጥር ሱቄ እየመጣ «እንዴት ነው ያ ቤት?» የሚለኝ ወላጅ ስለበዛ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

እኔ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። በ1996 የ10ኛ ክፍል ማትሪክ ተፈትኜ ውጤቴ መሰናዶ አላስገባኝምና ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጥኩ። ያ ፈተና አሁን ቀርቷል፤ ልጆቹን የሚያጣራው 12ኛ ነው። ማጣሪያውም ጠብቋል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በማግስቱ ዓመት 3.2፣ በ2016 5.4። እኛ ጋ ደግሞ በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ሲቆራረጥ ነው የከረመው። ይህን እያየሁ 900 ብሩን አልሰስትም።

ከመጥፎው ልጀምር። ክፍሉ ለ30 ልጅ የተሠራ ይመስለኛል፤ ከመጋቢት ወዲህ ግን ከ60 በላይ ልጅ ነበረበት፣ በአንድ ዴስክ አራት አራት። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ ማለትም ልክ የመጨረሻው ክለሳ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ መምህሩ ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል፤ ልጆቹም ይጠብቃሉ። የነጭ ሰሌዳው ማርከር ደርቆ ከኋላ ለተቀመጠ አይታይም። እንግሊዝኛው መምህር በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሦስቱም ከቴንስ ነው የጀመሩት።

ሀንድአውቱማ አይነሳ። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። አንድ ቀን ማታ ልጄ የፊዚክሱን ወረቀት ይዛ ሱቅ መጣችና «አባየ፣ ይሄ ባትሪ ነው አምፖል?» አለችኝ። በመኪናዬ መብራት ሥር አስጠግቼ አየሁት፣ ቀለም የተደፋበት ነው የሚመስለው። ምንም አይለይም። ሥነ ዜጋ ከፈተናው ከወጣ በኋላም ከሀንድአውቱ ውስጥ 40 ገጽ የሥነ ዜጋ ጥያቄ ነበር። ለዚያም በገጽ ተቆጥሮ ተከፍሏል፣ ምክንያቱም ሀንድአውት ከወርሃዊው ክፍያ ውጭ ነው። ይህን ሲመዘገቡ አይነግሯችሁም።

ደግሞ በሩ ላይ «መቶ በመቶ እናሳልፋለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እኔ ለሠላሳ ሱሪ እንኳ እንደዚያ ብዬ አላውቅም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለምን አላስወጣኋትም? በቅዳሜው ፈተና ምክንያት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሰዓት ተይዞ፣ ስልክ በር ላይ ተሰብስቦ፣ ልክ እንደ ዋናው መልስ መስጫ ያለ ወረቀት እየተሰጣቸው ይፈተናሉ። ሙሉ ልብስ ስሰፋ መጀመሪያ በነጭ ክር ላላ አድርጌ ይዤ ሰውየውን ፕሮቫ አስለብሰዋለሁ። ብብቴን ያዘኝ፣ ወገቤ ላይ ሰፋኝ ይላል፤ ያኔ ጠመኔዬን አንስቼ ምልክት አደርጋለሁ። በመኪና ከተሰፋ በኋላ ማለት ግን ምን ይጠቅማል? ቅዳሜዋ ለልጄ ፕሮቫዋ ነበረች።

ታኅሣሥ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሒሳብ ስትፈተን 23ኛው ጥያቄ ከበዳትና ዘለለችው። መልስ መስጫው ላይ ግን ቦታውን አልዘለለችም፤ የ24ኛውን መልስ 23 ላይ አጠቆረች፣ የ25ኛውን 24 ላይ፣ እንዲያ እያለ እስከ ታች። ሠርታ ያገኘችው ሁሉ ስህተት ሆነ። ማታ አልቅሳ እራቷን ሳትበላ ተኛች። እናቷ «ምን ታረጊዋለሽ፣ የወረቀት ነገር ነው» እያለች ታባብላታለች፣ እኔ ግን ደስ ብሎኛል ብዬ አልተናገርኩም እንጂ ደስ ብሎኛል። ዋናው ፈተና ላይ ቢሆንስ ኖሮ? ከዚያ ቀን ወዲህ በየአሥር ጥያቄው ቁጥሩን በጣቷ እያስተያየች ነው የምታጠቁረው።

ሁለተኛው ጥሩ ነገር የፊዚክሱ መምህር ነው። ከቅዳሜው ፈተና በኋላ እሑድ ከሰዓት አምስት አምስት እያደረገ ይጠራቸዋል። መልሱን አይነግራቸውም። «ለምን ቢን አጠቆርሽ?» ይላታል። «መሰለኝ» ትላለች። «ምን መሰለሽ? እሱን ንገሪኝ» ይላታል። አንድ ጊዜ ልወስዳት ሄጄ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ አንዷን ጥያቄ ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩባት። ሌሎቹ መምህራን የመልሱን ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ነው የሚወጡት። ስለዚህ ልትመዘገቡ ስትሄዱ «ስንት ሰዓት ታስተምራላችሁ» ብላችሁ አትጠይቁ። «ፈተናውን ማን ያርማል፣ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ነው ወይ?» በሉ።

አንድ ነገር ልመስክርላቸው። ክፍለ ጊዜው ማታ 12 ሰዓት ያልፍ ነበር፤ ሲመሽ ደግሞ ወደ ማራኪ ሰፈር ባጃጅ ይጠፋል። የሴት ልጅ ወላጆች ተሰብስበን ብናነጋግረው ባለቤቱ «እሺ ጋሼ» ብሎ በሳምንቱ ሰዓቱን ቀደም አደረገው።

ልጄ ከ600 ውስጥ 326 አመጣች። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 8.4 በመቶ ስለሆነ እልል ብለናል። ይህ የቱቶርያሉ ነው ብዬ ግን አልምልም፤ ከእሷ ጋር የተመዘገበው የጎረቤታችን ልጅ 300 አልሞላለትም። እሱ ሀንድአውቱን ሳይወስድ አይቀርም ነበር፣ የቅዳሜውን ፈተና ግን ይቀር ነበር። እሷ ፊዚክስ ላይ ጥሩ አምጥታ እንግሊዝኛ ላይ ነው የወረደችው፤ ይኼ የቤቱን ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ታናሿ ዘንድሮ 11ኛ ነው። በሚመጣው ዓመት ሒሳብና ፊዚክስ ብቻ አስመዘግበዋለሁ፣ ቅዳሜዋንም ጨምሬ። ማርከሩን ከሱቅ ገዝቼ በእጁ እሰድለታለሁ።