ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ የገዛሁት በታኅሣሥ፣ የጥር ሰርግ ሊገባ ሲል ነው። የምተዳደረው በቪዲዮ ቀረጻ ነው። አሁን ነሐሴ ላይ ሆኜ ስቆጥር ሃያ አንድ ሰርግ ይዞልኛል፤ በራሱ ብልሽት ያጠፋብኝ ፋይል አንድም የለም። ስለዚህ ግዙት እላለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ስለ ቁጥሩ ልንገራችሁ፤ ገንዘብ ያስወጣን ዲስኩ ሳይሆን ቁጥሩ ነውና።

ካርቶኑ 4 ቴራባይት ይላል። ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው የታየኝ 3.63 ነበር። ተጭበረበርኩ ብዬ ወደ ሱቁ ልመለስ ተነሥቼ ነበር። ሻጩ ግን ምንም አላጎደለብኝም። አምራቾች አንድ ቴራባይት የሚሉት አንድ ትሪሊዮን ባይትን ነው፤ አራቱም ትሪሊዮን ዲስኩ ውስጥ አሉ። ዊንዶውስ ግን በ1,000 ፈንታ በ1,024 አራት ጊዜ ያካፍላል፤ ውጤቱ 3.63 ይሆናል። መለኪያውን ቀይሮ ስሙን ሳይቀይር ቴራባይት ብሎ መጻፉ ነው ጥፋቱ። ለዚህኛው መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ቴቢባይት የሚል የራሱ ስም ወጥቶለታል። ማክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ እንደ አምራቾቹ ስለሚቆጥር ያንኑ ዲስክ 4 ብሎ ያሳያል።

ልዩነቱ መለኪያው በተለቀ ቁጥር ይሰፋል። በኪሎባይት 2.4 በመቶ ነው፤ በጊጋባይት 7.4፣ በቴራባይት ወደ 10፣ በፔታባይት 12.6 በመቶ ይደርሳል። በትንንሽ ፋይል ዘመን ቸል ቢባል ያስኬድ ነበር፤ ዛሬ ግን ከአንድ ዲስክ ላይ የሚጎድል የሚመስለው ብቻ የሁለት ሰርግ ቀረጻ ያህላል።

በመጋቢት የደረሰብን እስከ አሁን ይቆጨኛል። ዐቢይ ጾም ስለነበር ሰርግ የለም፤ አብሮኝ የሚሠራ ወዳጄ ኮምፒውተሩን ለጥገና ሊሰጥ ሲል ሥራዎቹን ለሁለት ሳምንት እንድይዝለት ጠየቀኝ። የእሱ ማክ 1.9 ቴራባይት ይላል። የእኔ ዊንዶውስ ደግሞ ባዶ ቦታው 1.75 ነው አለኝ። «አይበቃም» አልኩት። በዚያው ቀን ሌላ ዲስክ ገዛ። ማታ በካልኩሌተር ስመታው የእኔ 1.75 በእሱ አቆጣጠር 1.92 ሆኖ ተገኘ። ይበቃ ነበር! ሃያ ጊጋባይት ያህልም ይተርፍ ነበር። በማግሥቱ ሄጄ ስነግረው እሱ ዝም አለ፤ እኔ ግን ላላደረገው ስህተት ያወጣውን ገንዘብ ሳስብ በጣም አዘንኩ።

ከዚያ ወዲህ የዊንዶውስን ቴራባይት በ1.1 አበዛለሁ፤ የማክን በ0.91 አበዛለሁ። ለጊጋባይት ደግሞ 1.07 እና 0.93 ናቸው። ለግምት ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ሌላው መጠንቀቅ ያለባችሁ ቢት ከባይት ጋር እንዳይምታታ ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው። ካሜራዬ በሰከንድ 50 ሜጋቢት ይጽፋል፤ ለስምንት ሲካፈል 6.25 ሜጋባይት፣ በሰዓት 22.5 ጊጋባይት ማለት ነው። ሁለት ካሜራ አራት አራት ሰዓት ከቀረጸ 180 ጊጋባይት ይሞላል። ካርቶኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው 5 ጊጋቢትም የመስመሩ አቅም እንጂ የዲስኩ ፍጥነት አይደለም። እኔ ያገኘሁት በደህናው ቀን በሰከንድ 120 ሜጋባይት ያህል ነው፤ በዚህ ፍጥነት ዲስኩን ሙሉውን መገልበጥ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቅጂው ሲረዝም ደግሞ እየዘገየ ይሄዳል። የሰርግ ማግሥት ለቸኮለ ሰው ይህ ያስመርራል።

ማክም ዊንዶውስም እንዲጽፍበት ኤክስፋት በሚባለው አሠራር ነው ያዘጋጀሁት። ጉዳቱን ያየሁት በግንቦት፣ በመገልበጥ ላይ ሳለ መብራት ሲጠፋ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ይጻፍ የነበረው የመልስ ቪዲዮ ተበላሸ። ካርዱን ገና ስላላጸዳሁት እንደገና ገለበጥኩት። አሁን የምገለብጠው ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ብቻ ነው።

ዛሬ ዊንዶውስ የሚያሳየኝ ባዶ ቦታ 210 ጊጋባይት ነው። በካሜራዬ ቁጥር 225 ገደማ ይሆናል፤ አንድ ሰርግ ይይዛል፣ ሁለተኛ አይጨምርም። ለመጪው ጥር ያንኑ ዓይነት ሌላ ዲስክ አዝዣለሁ።