ዲንሾ ላይ አጋዘን ለማየት፦ የአስጎብኚነት አገልግሎት ግምገማ

እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከዲንሾ ተነሥቶ በእግር የሚያስጎበኝ የአካባቢው ሰው ይዤ ሁለት ቀን ቆይቻለሁ። አስጎብኚው የደጋ አጋዘን የት እንዳለ ከመጠቆም አልፎ ለምን እዚያ እንደሚገኝ ማስረዳቱ ከከፈልኩት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ አመዳዩ ሳይቀልጥ ጋይሳይ ሜዳ ስንደርስ፣ ሴቶቹ ከነግልገሎቻቸው ጭቁኝ መሐል ቆመው ቅጠል ይቀነጥቡ ነበር፤ ቀንዱ የተጠማዘዘ አንድ ወንድ አጋዘንም ከአፍንጫው እንፋሎት እየወጣ ቀና ብሎ አየን። ፀሐይዋ ስትበረታ ግን አንድ በአንድ ወደ ጽዱና ወደ ኮሶው ጥላ ገቡ፤ የሌሊቱንም ብርድ የሚሸሹት እዚያው ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ደግሞ ለምለም ቅጠል ፍለጋ ወደ ደኑና ከፍ ወዳለው የአስታ ቁጥቋጦ ያዘነብላሉ።

ቅሬታዬ መኪና ባከራየን ድርጅት ላይ ነው፤ ሾፌሩ በማርፈዱ የመጀመሪያውን ቀን እኩለ ቀን ላይ ደርሰን ከከርከሮ በቀር ያየነው አልነበረም። የምትሄዱ ከሆነ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ፤ ወፍራም ጃኬትም አትርሱ።